በሩ የማያውቃት

“በር ክፈት አልኩህ እኮ!”

ልብስ ሰፊዋ በሩን በጉልበቷ ገፋችው። በሁለት እጇ የተማሪ ዩኒፎርም የታጨቀበት ማዳበሪያ ታቅፋለች። ዝናቡ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተከትሏት የመጣ ይመስል ከቀሚሷ ጫፍ እየተንጠባጠበ እግሯ ሥር ኩሬ ሠርቷል።

“ድምፅዎ አልታወቀም” አለ በሩ። “እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

ከሁሉ የሚያናድዳት ትሕትናው ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ለስድብ መልስ አታጣም።

“አልታወቀም ትለኛለህ? አምስት ወር ሙሉ ወለልህን የምወለውለው ማን ሆኜ ነው?”

“ድምፅዎ አልታወቀም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።”

በሩ እንደ ሰው በር የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ሰፈሩ ሁሉ “ባለካሜራው” የሚለው ባሏ ካሜራና የድምፅ ቁልፍ እየሸጠ በየሰው ቤት የሚገጥም ባለሙያ ነው። የራሱን በር የገጠመው የፊተኛዋ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የሱን ድምፅ፣ ምድር ቤት የምትኖረውን የታላቅ እህቱን ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ከሞተች ዓመት ያለፋትን የፊተኛዋን ድምፅ ነው። ሲከፍትላቸውም በየማዕረጋቸው ይቀበላቸዋል። ባልየውን “አባወራ” ይለዋል፣ እህትየውን “እህት” ይላታል። “እመቤት” የሟቿ ነው፤ ማንም አልነካባትም።

ሰፊዋ ግን የለችበትም። በተጋቡ ማግስት “ነገ እመዘግብሻለሁ” ብሏት ነበር። ከዚያ ሥራ በዛበት፣ ከዚያ መሣሪያው መታደስ አለበት አለ፣ ከዚያ ራሱን አመመው። እስከዚያው ድረስ ከሱቋ ስትመለስ ለእህትየው ትደውላለች። እህትየው እያቃሰተች ደረጃውን ትወጣለች፣ ለበሩ ሁለት ቃል ትናገራለች፣ እያቃሰተች ትወርዳለች። ይህን ውለታዋን ለጎረቤት ሁሉ አውርታ አትጠግብም። ዛሬ ስልኳን አላነሳ አለች። ሆን ብላ እንደሆነ ሰፊዋ አላጣችውም።

ማዳበሪያውን መሬት ጣለችና በሩን በመዳፏ ደበደበች።

“ማነው እሱ?” አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ሰፊዋ ክው አለች። ወዲያው ነገሩ ሲገባት ደግሞ ንዴቷ ባሰባት። አለቃ ነው። አለቃ የፊተኛዋ በቀቀን ነው፤ ላባው ግራጫ፣ ጅራቱ ቀይ፣ አፉ የማያርፍ። ከባለቤቱ የወረሰው ቃሏን ብቻ አይደለም፤ ጉሮሮዋን ነው የወረሰው። ሳቋን፣ ሳሏን፣ ንግግሯን ስትጨርስ ጎተት የማድረግ ልማዷን ሳይቀር ይዞታል። ሰፊዋ ሟቿን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ ድምጿን ግን ከእናቷ ድምፅ ይልቅ ለምዳዋለች። ወትሮ ወፉ የሚቀመጠው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። ዛሬ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳመጣው አልገባትም።

“እኔ ነኝ” አለችው፤ ለወፍ መልስ በመስጠቷ እፍረት እየተሰማት። “ክፈት በለው እስቲ፣ አንተ ለፍላፊ!”

“ማነው እሱ?”

“በር ክፈት በል! በር ክፈት!”

ወፉ ክንፉን ሲያራግፍ ተሰማ። ከዚያ ረጋ ባለ፣ ጥርት ባለ የሴት ድምፅ “በር ክፈት” አለ።

ቁልፉ ቀጭ ሲል ተሰማ። “እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት።”

በሩ ቢበረገድም ሰፊዋ ደፉ ላይ ተገትራ ቀረች። ይሄን ሁሉ ስትደበድብ ቆይታ አሁን መግባቱ ከበዳት። የሞተች ሴት ፈቅዳላት መግባቷ ነው። ኋላ ግን ብርዱ አሸነፋትና ማዳበሪያዋን እየጎተተች ገባች።

“ጫማህን አውልቅ!” አለ አለቃ።

“አፍህን ዝጋ” አለችው። ጫማዋን ግን አወለቀች።

የወፉ የሽቦ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሰው ጠዋት እዚህ አምጥቶት ሲቸኩል ሳይመልሰው የሄደ ይመስላል። ሽፋኑም ግማሹ ተገልቦ ተንጠልጥሏል። ሽፋኑን የሰፋችው ሰፊዋ ናት። በተጋቡ ሰሞን ባሏ “ወፉ እንዳይበርደው” ብሎ ወፍራም ጨርቅ ገዝቶ ሰጣት፤ በጎኑም ኪስ እንድታበጅለት ለመናት። “ለምኑ?” ብትለው “ጥሬውን አስቀምጥበታለሁ” አላት። ከሷ የጠየቃት የመጀመሪያ ነገር ስለነበር ደስ ብሏት፣ ጠርዙን ሳይቀር በእጇ ዘምዝማ ሰፍታለት ነበር።

ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። እህትየው የተከፈተውን በር አይታ እያለከለከች ብቅ አለች።

“ማን ከፈተልሽ?”

“ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስልክዎ ተበላሽቶ ነው?”

“ማን ከፈተልሽ አልኩሽ እኮ!”

“እመቤት” አለች ሰፊዋ፣ በአገጯ ወደ ሽቦ ቤቱ እያመለከተች።

እህትየው እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ዓይኗ ወዲያው እንባ አቀረረ። “አየሽ? ደግነቷ ከሞተችም በኋላ አልለቃትም።”

“ታዲያ እርስዎ ለምን ከሷ አይማሩም? በደጅዎ ሳልፍ ስልክዎ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“እኔ ያንቺ ዘበኛ ነኝ? ጉልበቴ እያቃጠለኝ በየማታው ደረጃ የምወጣው ለማን ብዬ ይመስልሻል? ለወንድሜ ብዬ ነው!”

“እኔም በየማታው ደጅ የምጠናው ለወንድምዎ ብዬ ነው።”

“አንቺማ ያለቀለት ቤት አግኝተሽ ዘው ያልሽ ነሽ።”

“የቱን ቤት?” ሰፊዋ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሳቅ አይባልም። “ይኼ እኮ የወፍ ቤት ነው እትዬ። እኔ ወፉ ካልፈቀደልኝ አልገባበትም።”

“ወፉን አትንኪው! የቀረን እሱ ነው። ወንድሜ በየማለዳው ቁጭ ብሎ ባያስጠናው ኖሮ ይሄን ጊዜ እሱም ረስቷት ነበር!”

እህትየው ከንፈሯን ነከሰች። የወጣ ቃል ግን አይመለስም፤ ሰፊዋ ቀሚሷን መጭመቋን ተወች።

“ምን አሉ?”

“ምንም።”

“ያስጠናዋል አሉ።”

“እንግዲህ… ድምጿን ነዋ። የተቀዳውን። ወፍ ካልደገሙለት ይረሳል ብሎ የእንስሳት ሐኪሙ ነግሮት ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ሚስቱ እኮ ነበረች!” ፊቷን አዞረች። “ምድጃ ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት” ብላ ወረደች። በዚህ ጊዜ አላቃሰተችም።

ሰፊዋ የሽፋኑን ኪስ ዳበሰች። ጥሬ የለበትም። እጇን ስትከት የጣት ያህል ውፍረት ያላት ትንሽ ስፒከር ወጣች፤ ኪሱ በትክክል በሷ ልክ የተቆረጠ ነበር። ቁልፏን ተጫነችው።

“መጣህ እንዴ የኔ ዓለም?” አለች ስፒከሯ።

“መጣህ እንዴ የኔ ዓለም?” አለ አለቃ።

ሁለቱን መለየት አይቻልም። ሰፊዋ ስፒከሯን አጥፍታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሟች መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ይሄን ያህል ጊዜ ከራሷ ጋር ስትታገል የኖረችውም በዚሁ ነው። ወፍ ነው፣ ምን ያድርግ፣ የለመደውን ነው የሚለው፣ ቀስ በቀስ ይተወዋል ስትል ራሷን ታጽናና ነበር። ለካ እሷ ገና ጎህ ሲቀድ ማዳበሪያዋን ተሸክማ ስትወጣ፣ “የኔ ሱቅ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው” ብሎ የሚቀረው ሰውዬ ከወፉ ጋር ትምህርት ላይ ነው። ለወፍ ጊዜ አለው። እሷን ለመመዝገብ ነው ጊዜ ያጣው። ውርደቱ ፊቷን አቃጠላት፤ በገዛ መርፌዋ ነው የተወጋችው።

ባልየው ሲመጣ መሽቶ ነበር።

“በር ክፈት።”

“እንኳን ደህና መጡ፣ አባወራ።”

የመሣሪያ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ጃኬቱን አራገፈ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ስፒከር አየ። ጃኬቱን መስቀያ ላይ ለመስቀል ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

“ዛሬ ስንት ቤት ገጠምክ?” አለችው።

“ሁለት። ምነው?”

“የሁሉንም ሰው ድምፅ መዘገብክላቸው?”

“ሥራዬ አይደል እንዴ?”

“የሠራተኛዋንም?”

“የሠራተኛዋንም፣ የዘበኛውንም። ሰው እንግዲህ ቤቱ መግባት አለበት…”

“ጨርሰው እንጂ።”

“ደክሞኛል፣ ዛሬ ተይኝ።”

“በእጄ በሰፋሁት ኪስ ውስጥ ነው የደበቅካት! ጥሬ ነው አላልከኝም?”

ባልየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከረጠበው ፀጉሩ ውሃ በግንባሩ እየወረደ ነው፤ አልጠረገውም። “ልነግርሽ ነበር። ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጠፋኝ። አንድ ሰሞን ሳሏን ረሳ። ማታ ማታ ትስል ነበር፣ እሱም እንደሷ ይስል ነበር። አንድ ማታ ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም አለ። ሁለተኛ የሞተችብኝ መሰለኝ።”

ሰፊዋን አንጀቷን በላት። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ጨርቋን ሰብስባ ትሄድ ነበር።

“እኔን ብትመዘግበኝስ እሷ ምን ትሆናለች?”

“አንቺን ሳስገባ እሷን የማስወጣት ይመስለኛል።”

“አስወጣት ያለህ ማን ነው?” ድምጿ ቤቱን ሞላው። “እኔ አስገባኝ ነው ያልኩህ!”

“በቃ፣ በቃ!” ባልየው ብድግ ብሎ ስልኩን አወጣ። “አሁን እመዘግብሻለሁ። አሁኑኑ። ደስ ይበልሽ።”

“ምን ብለህ?”

“ምን ማለት?”

“በሩ ምን ብሎ ነው የሚጠራኝ?”

አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ተንሳፍፎ ቆመ። ቀና ብሎ አላያትም። “‘ቤተሰብ’ ልበለው። ለጊዜው።”

“ለጊዜው።”

“ሌላ ጊዜ ይቀየራል እኮ፣ ምን ችግር አለው? እስቲ በር ክፈት በይ።” ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት።

“እባክዎ ይናገሩ” አለ መሣሪያው።

ሲመሽ እየጮኸች ስትለምንበት የነበረው ቃል ምላሷ ላይ ደረቀ። ባልየው በዓይኑ “በይ እንጂ” አላት። እሷ አፏን እንደዘጋች አየችው።

“በር ክፈት” አለ አለቃ፣ በዚያች በምታውቃት ድምፅ።

“ይህ ድምፅ ቀድሞ ተመዝግቧል” አለ መሣሪያው። “እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤት።” በሩም ተከፈተ።

ባልየው ፈገግ አለ። አስቦበት አይደለም፤ ሳያውቀው ነው ያመለጠው። ፊቱ ሁሉ በርቶ ወደ ወፉ ዞረ። ሰፊዋ ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ፈገግታ አይታበት አታውቅም፤ እንዳለውም አታውቅም ነበር።

“እንደገና እንሞክር” አለ ቶሎ ብሎ። “ወፉን መኝታ ቤት ላስገባውና…”

“ተወው።”

ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄደች። ወደዚህ ቤት ስትገባ ይዛ የመጣችው የስፌት መኪናዋንና የእናቷን አሮጌ የከሰል ካውያ ነው። በካውያው ልብስ ከተተኮሰበት ዓመታት አልፈዋል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እንዳይንሸራተትባት የምትጭነው ከባድ ብረት ነው። በሁለት እጇ አንስታ ወስዳ የበሩ ደፍ ላይ አኖረችው። በሩ በንፋስ ሊዘጋ መጣ፣ ካውያውን ገጨና ተመለሰ።

“በሩ ክፍት ነው” አለ መሣሪያው። “እባክዎ በሩን ይዝጉ።”

“ምን እያደረግሽ ነው? ሌባ ይገባል!”

“ይግባ። ‘ድምፅዎ አልታወቀም’ የሚለው የለም።”

“ብርዱስ? ወፉ ይታመማል እኮ!”

“ሽፋን ሰፍቼለት የለ?”

ስፒከሯን ከጠረጴዛው አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ጣቶቹንም ራሷ አጠፈችለት። “እሷ ያንተ ናት፣ ያዛት። ስትናፍቅህ ስማት፣ እኔ አልቆጣም። ወፉ ግን ይረፍ።”

“ይረሳታል” አለ ባልየው። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

“ይርሳት። አንተ አስታውሳት።”

ሽፋኑን ከሽቦ ቤቱ ላይ ገፈፈችና የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ክሩን በመርፌዋ አሳልፋ የኪሱን አፍ ከጨርቁ ጋር ገጠመችው። በሩ “እባክዎ ይዝጉ” እያለ ይለምናል፤ ከምድር ቤት እህትየው “ምን ጉድ ነው፣ በሩን ማን ከፍቶ ተወው?” እያለች ትጮሃለች። ባልየው ዓይኑን ከካውያው ላይ አልነቀለም፤ ሄዶ ግን አላነሳውም። ሰፊዋ መርገጫውን ረገጠችና ኪሱን ከዳር እስከ ዳር ሰፍታ ዘጋችው።

“ማነው እሱ?” አለ አለቃ።

“እኔ ነኝ” አለች ሰፊዋ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። በዚህ ጊዜ ለወፍ መልስ በመስጠቷ አላፈረችም።