የዴስ ፓንት

ዴስ ክብሪቱን ሊጭር ሲል እህቱ ግሌኒስ አካፋ ይዛ ከአጥሩ ማዶ ጮኸችበት።

«ቆይ! አንድ ነገር ሳላሳይህ እንዳትለኩስ!»

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?»

ዴስ ነፋሱ ሳይነሳ የራሱንም የእህቱንም ማሳ ገለባ አቃጥሎ መገላገል ፈልጓል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ሥር በሚበላ ፈንገስ የተነሳ ስንዴው ቦታ ቦታውን እየተመለጠ ከስረዋል፤ ዘንድሮ ከደገማቸው መሬቱን ማከራየታቸው ነው። በዚህ በደቡብ አውስትራሊያ ስንዴ አገር አባታቸው ያስተማራቸው መድኃኒት ደግሞ እሳት ነው። ግሌኒስ ብቻ የራሴን ማሳ አላስነካም ብላ ስንት ዓመት ሞገተች። ዛሬ ግን ዴስ አልሰማም ብሏል።

አጥሩን ተሻግራ የሱ ማሳ ውስጥ ቆፈረችና አፈር የለበሰ ፓንት መዘዘች። ሙሉ ነው፤ ታጥቦ ቢለበስ ማንም አያውቅም።

«እንዴ! የኔ አይደለም እንዴ?»

«ከልብስ ማስጫህ ላይ ወስጄ ነው የቀበርኩት፣ ከዚያ ትልቅ ዝናብ በፊት።»

«አንቺ ሴትዮ ጤነኛ ነሽ? እኔ እኮ ነፋስ ወሰደው ብዬ ስንት ቀን ፈለግኩት!»

ወደ ራሷ ማሳ ተሻግራ ስትቆፍር ደግሞ የሌላኛው ፓንቱ የወገብ ላስቲክ ብቻ ወጣ።

«ጥጡን አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በልተውታል» አለች፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። «የኔ አፈር ነፍስ አለው። ያንተ ጦሙን ነው ያደረው።»

ዴስ ላስቲኩን ለጠጥ አድርጎ ለቀቀው። «የበላው ስንዴያችንን የጨረሰው ፈንገስ ራሱ ቢሆንስ?»

ወይ ጉድ፣ ግሌኒስ ይህንን አላሰበችም። ተንበርክካ ከዝናቡ በኋላ በራሱ ከበቀለው ስንዴ ከሱ ማሳ አንዱን፣ ከሷም አንዱን ነቀለች። የሱ ሥር ቡናማ፣ አጭር፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የተቀረጸ ነው። የሷ ነጭና ረጅም ሆኖ አፈሩን ታቅፎ ወጣ፤ አንዷ ጫፍ ብቻ ጠቁራለች።

«ተመልከት፣ ፈንገሱ እኔም ጋ አለ። ግን ባክቴሪያዎቹ ገለባውን እየበሉ በዝተው አፍነው ይዘውታል። ገለባውን ስታቃጥል የሚራበው ዘበኛህ ነው። ሌባውማ የስንዴህን ሥር ይበላል!»

«ተሳስተሽ ከሆነስ? መሬቱ ሄደ ማለት እኮ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ ዴስ።»

ዴስ ሁለቱን ሥሮች አገላብጦ አየ። ከዚያ ክብሪቱን እጇ ላይ አስቀመጠ፣ አካፋዋን ተቀበላትና ቀበቶውን እየፈታ ከፒክአፕ መኪናው ጀርባ ሄደ።

«ምን ልትሆን ነው አንተ?»

«ዘንድሮ የኔም አይቃጠልም። ግን ይህን የለበስኩትን ራሴ ቀብሬ ማየት አለብኝ። ዞር በይ!»