የገለባው ክፍል ተራ

በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ ወደቀ። በመንደራችን በኮንጋ ቀይ ቡና ዛፉ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ ለቅሞ መሸጡ ድካሙን አይመልስም ነበር። እንሰቱን ሳይደርስ ነቀልነው። በታኅሣሥ ላሜ ሞተች። በጥር እኔና ጎረቤቴ ይርጉ ዲላ ወርደን አንድ የቡና መቀሸሪያ ተቀጠርን።

መኪናው ደረቁን ቡና ከገለባው ይለያል። ገለባው በቧንቧ ተነፍቶ ከኋላ ወዳለች ጠባብ ክፍል ይገባል። እዚያ ውስጥ ሆኖ በአካፋ ጆንያ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ብናኙ የገዛ እጅን አያሳይም። ማንም እዚያ መዋል ስለማይወድ በተራ አደረግነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሳምንት። ተረኛው ማታ ሲወጣ የመቀሸሪያው ባለቤት አንድ ጣሳ ወተት ይሰጠዋል። ወተት ብናኙን ያጥባል ብለን ሁላችንም እናምን ነበር። የአፍ መሸፈኛ ሲታደለን አላደረግነውም። ወተቱ ነበረን።

የእኔ ተራ ሲደርስ ልጄ ታሞ ተኛ።

«አንተ ከልጁ ጋር ሁን» አለኝ ይርጉ። «እኔ እገባልሃለሁ።»

የራሱን ተራ በጨረሰ በማግስቱ ነበር። የእኔንም ሦስት ሳምንት ጨመረበት። ወተቱንም አልጠጣውም፤ በጠርሙስ ለልጄ ይልከው ነበር። ልጄ ዳነ። ውለታውን ሳልመልስ መቀሸሪያው ተዘጋ። ይርጉ ኮንጋ ተመለሰ፤ እኔ ሌላ መቀሸሪያ ገብቼ ዲላ ቀረሁ።

ከዓመታት በኋላ ይርጉ ያስላል አሉ። ወተቱን ስላልጠጣ ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወተት ይዤ ኮንጋ እወጣ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ አደረግሁ። ይርጉም እየተቀበለ ይጠጣ ነበር።

አምና የእኔም ሳንባ ደከመ። ሐኪሙ ኤልቤቴል ወደምትባል ወጣት ባለሙያ ላከኝ። ብናኝ ሳንባቸውን የጎዳባቸውን ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን የትንፋሽ ልምምድ ታሠራለች። በሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ወንበር አስቀምጣ ታመላልሰናለች። ጣታችን ላይ ቆንጣጭ መሣሪያ ታደርግና ደማችን ያገኘውን አየር በቁጥር ታያለች።

«በአፍንጫ ይሳቡ። ከንፈርዎን አሹለው ቀስ አድርገው ያውጡ። ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው።»

«ሻዩ የታለ?» አላት ዘርዓብሩክ፣ ድንጋይ መፍጫ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው።

«ስድስት ዙር ይጨርሱና እጋብዝዎታለሁ።»

«ስኳሩ ሦስት ይሁን!»

አንድ ቀን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ወተት ብናኙን ያወርደዋል?»

«ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው አባባ። ሳንባ አይደርስም። የገባው ብናኝ ገብቷል፤ እኔም አላወጣውም። በቀረዎት ሳንባ መኖርን ነው የማሳይዎት።»

የዚያን ቀን ስድስቱን ዙር አልጨረስኩም። ስድስት ዓመት ወተት ሳመላልስ፣ ይርጉ ለእኔ ሲል የሳበው ብናኝ ሳንባው ውስጥ እንዳለ ነበር።

ኮንጋ ስወጣ ይርጉን ተኝቶ አገኘሁት። ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ሁለት ጊዜ ይቀመጣል።

«መሬቱን ሳላካፍል ልሞት ነው፣ ቶሌራ» አለኝ።

በሰፈራችን አባት የልጆቹን ድንበር የሚያሳየው ሽማግሌዎች ባሉበት በእግሩ ሄዶ ነው። ተኝቶ የተናገረውን፣ በቃሬዛ ሆኖ የጠቆመውን ነገ የሚክድ አይጠፋም። ልጆቹ አማኑና አብይ ታች ባለው ምንጭ የተነሣ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ዲላ እንውረድ። እንዲህ ያለውን ትንፋሽ የምታሠራ ልጅ አለች» አልኩት።

«በሞተር? መንገድ ላይ ለጅብ ልትጥለኝ ነው?»

ኤልቤቴልን ለመንኳት። መጥታ ልታየው አልቻለችም፤ እኔን ግን ሁለት ቀን ሙሉ አስተማረችኝ። ከበሩ ጀምሩ አለች። ከንፈሩ ከጠቆረ አቁሙ አለች። አይድንም፣ ይህን ይወቁት አለች።

ልብሴን ይዤ ይርጉ ቤት ገባሁ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ግቢው ውስጥ ሁለት በርጩማ አኖርኩ።

«ከንፈርህን አሹል።»

«በዚህ ዕድሜዬ አፏጭቼ ልጃገረድ ልጥራ?»

«ብትመጣም ሮጣ ታመልጥሃለች።»

ሳቀ፣ ሳለ፣ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የእኔም ትንፋሽ አልበቃኝም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በሩን አለፈ። በሁለተኛው የቡናውን አጥር ደረሰ። አንድ ቀን ግን ከንፈሩ ጠቆረና ተሸክመን አስገባነው። ሁለት ቀን ከአልጋው አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ራሱ በርጩማውን ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ይርጉ ዱላውን ይዞ ወጣ። አሥር እርምጃ ይሄድና ዱላው ላይ ይደገፋል፤ እኔ «አውጣ፣ ቀስ» እላለሁ፤ ደግሞ አሥር። አብይ ቃሬዛ አስይዞ ከኋላ ይከተላል።

«አንተ፣ ያን ነገር አርቅልኝ» አለው ይርጉ። «አልሞትኩም።»

ምንጩ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ይርጉ ቆመ። ከንፈሩን አሹሎ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጎ ተነፈሰ።

«ውኃው የሁለታችሁ ነው። ድንበሩ ከውኃው በላይ ያልፋል። እዚህ።»

ዱላውን ተከለ። አማኑና አብይ አንዱን ድንጋይ ለሁለት ይዘው አኖሩበት። ያን ጊዜ ይርጉ ቃሬዛውን በእጁ ጠራ፤ ራሱ ተጋደመበት።

«አሁን ውሰዱኝ» አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ እንደ ልማዱ ስለ ሟቹ ዕዳ ሕዝቡን ጠየቀ። «ከይርጉ የሚፈልግ፣ ይርጉም የሚፈልግበት ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

ተነሣሁ። ዳገቱ ትንፋሼን ስለወሰደው ወዲያው መናገር አልቻልኩም። አማኑ ቀደመኝ።

«አባቴ ለዚህ ቦታ የላከኝ ቃል አለ» አለ። «'ቶሌራ ይነሣል፤ ሦስት ሳምንት ገብቼለት ነበር፣ ሦስት ሳምንት ገብቶልኛል፣ የምፈልግበት የለም በልልኝ' ብሎኛል።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን ነቀነቅሁና ተቀመጥኩ።