ሩብ ጉዳይ ላይ የምትቆመው ሰዓት

ጋሽ ተማም ደሴ ሸዋ በር ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ጠግነዋል። ስለዚህ ልጃቸው ለይላ አንድ ቅዳሜ ባለቀለም ፎም፣ ሙጫና የክብሪት ቀፎ የምታህል የሰዓት ማሽን ከዶላር ስቶር ገዝታ ገብታ «አባ፣ የግድግዳ ሰዓት ልሠራ ነው» ስትላቸው፣ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ማሻሸት ነበረባቸው።

«በዚህ በስፖንጁ?»

«ስፖንጅ አይደለም፣ ፎም ነው። ይንኩት እስቲ።»

ነኩት። ለስላሳ ነው፤ ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። «ይሄማ የነጠላ ጫማ ሶል ነው» አሉ። ለይላ ሳቀችና መቀሷን አነሳች።

ነገሩ ለቀልድ አልነበረም። ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር ያለው ሕንፃቸው ምድር ቤት ውስጥ የተከራዮች አዳራሽ አለ። የአዳራሹ ሰዓት ከተሰበረ ከርሟል። የሴቶቹን ማኅበር የምትመራው ውብአለም «አንድ ሰው ሰዓት ያምጣልን» ስትል፣ ለይላ በሰው ፊት እጇን አውጥታ «እኔው ራሴ እሠራለሁ» ብላ ቁጭ አለች። በሳምንቱ እሁድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ለምሳ ሲሰበሰብ ትሰቀላለች ተባለ።

ጋሽ ተማም ቶሮንቶ ከመጡ ሰባት ወራቸው ነው፤ ያስመጣቻቸውም ለይላ ናት። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ በአንድ ነገር ያፍሩባት ነበር። ለይላ ኢቶቢኮ ውስጥ በአንድ መጋዘን ፎርክሊፍት ትነዳለች፤ ያንን ከፊቱ ሁለት የብረት ጥርስ የተገጠመለትን፣ ክምር ዕቃ አንስቶ የሚደረድረውን መኪና። ሴት ልጅ፣ ያውም የሰዓት ሠሪው የተማም ልጅ! ወዳጃቸው ሙኽታር ከደሴ እየደወለ «ለይላ ምን ትሠራለች?» ባለ ቁጥር «ቢሮ ናት» ይሉታል። አንድ ቀን ይህንኑ ሲሉ ለይላ ከጓዳ ሰማች። የያዘችውን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበችው። ጋሽ ተማም ያንን አይተዋል፤ አይተውም እንዳላዩ ሆነዋል።

ቅዳሜና እሁድ ሥራው ቀጠለ። ጋሽ ተማም አንድ ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዱን እጇ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ፎሙን በቀጫጭኑ እየተለተለች እንደ ሰፌድ ዙሪያውን ጠቀለለችው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ። በየቁጥሩ ቦታ ትንሽ አበባ ለጠፈች። እጇ አይንቀጠቀጥም። የእሳቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ሱቁንም ያዘጋቸው እሱ ነው። በመጨረሻ ለደቂቃ ቆጣሪው ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ቆረጠች፤ ከነደም ሥሩ፣ ጫፉ ላይ ጨሌ የተሰካበት። ማሽኑን ገጠመች፣ ባትሪ ድንጋይ ከተተችና ሳሎን ሰቀለቻት።

እንዴት ታምር ነበር! ጋሽ ተማምም «አይከፋም» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ሰዓቷ ግን አንድ ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ቀጥ አለች። ለይላ አንቀሳቀሰቻት፤ ሄደች፤ ደግሞ ቆመች። ጋሽ ተማም ነገሩ ወዲያው ገብቷቸዋል። ቅጠሉ ከብዶ ነው! ሲወርድ ምንም አይል፣ ሽቅብ ሲወጣ ግን ያቺ ምስኪን ማሽን አቅም ያንሳታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ቅጠሉን ግማሽ ማድረግ። ግን አልተናገሩም። «ትጠይቀኝ» አሉ በሆዳቸው። በዚህ አገር ሰው ሁሉ ያስተምራቸዋል፤ ሊፍቱን፣ ካርዱን፣ የአውቶቡሱን ማስቆሚያ ቁልፍ። አንዴ እንኳ እሳቸው የሚጠየቁበት ነገር ሲመጣ፣ ሳይለመኑ ሊሰጡ ነው? በፍጹም!

ሰኞ ጠዋት ለይላ ወደ ሥራ ስትወጣ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለቻቸው። «አባ፣ እባክዎ ስትቆም ስንት ላይ እንደቆመች ይጻፉልኝ። ከዚያ መልሰው ያንቀሳቅሷት።»

ጸሐፊ ሆኑ ማለት ነው! ተቀየሙ። ተቀይመውም ጻፉ፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ፣ ለሰባት አሥራ አራት ጉዳይ፣ ለዘጠኝ አሥራ ስድስት ጉዳይ። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። «ቅጠሉን ቁረጪው» የምትለውን ቃል እያብላሉ ልጃቸው ዞር ባለች ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አትጠይቅም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሺፍት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወረቀቱን አነሳች።

«አባ፣ ሁሌ ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው የምትቆመው!»

«እንግዲህ…» አሉ ጋሽ ተማም፣ ተዘጋጅተው።

«ሎዱ፣ ሸክሙ ሁሉ፣ በፊት በኩል ነዋ! እንዴት እስካሁን አልታየኝም?» ግንባሯን በመዳፏ መታችና እየሮጠች መሣሪያ ሣጥኗን ልታመጣ ገባች።

ጋሽ ተማም መቀስ ታመጣለች ብለው ጠበቁ። ለይላ ይዛ የመጣችው ሁለት የብሎን ዳዶ ነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ክብደት ልጨምር።»

«ልትጨምሪ? መሸከም ያቃተው ላይ?»

«ከኋላው ነው እንጂ፣ አባ። ፎርክሊፍት እኮ ፊቱ ብዙ ኪሎ ተሸክሞ በአፍጢሙ የማይደፋው ከኋላው ከባድ ብረት ስላለው ነው። እዚህም ባላንስ ማድረግ ነው።»

ቆጣሪውን ነቅላ፣ ከቅጠሉ በተቃራኒ አጭር የፎም ጅራት ቀጠለችለት። ሁለቱን ዳዶ ለጠፈችና ሰቀለቻት። ሰዓቷ ሩብ ጉዳይን አለፈች፤ ጋሽ ተማም ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከዚያ ግን ሙሉ ሰዓቱን አልፋ ስትወርድ ሩቡ ላይ ቆመች። «አሁን ደግሞ ኋላው ከበደ» አለች ለይላ፣ አንዱን ዳዶ ፈልቅቃ ጣለች። ከቀረው ላይ ከቀይ ፎም የቆረጠቻትን ትንሽ ወፍ ለጠፈችበት፤ ወፏ ቅጠሉን እየገፋች የምትዞር መሰለች።

ሰዓቷ ሩቡን አለፈች። ሩብ ጉዳይንም አለፈች። ደግሞ አለፈች።

ጋሽ ተማም ግድግዳው ሥር ቆመው ቀሩ። አርባ ዓመት! እሳቸው ቢጠየቁ ያንን የመሰለ ቅጠል አስቆርጠው ነበር። ጭራ ያላቸው ቆጣሪዎች በእጃቸው አልፈዋል፤ ጭራው ለጌጥ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ይቺ ልጅ ግን ከዚያ ካፈሩበት መኪና ላይ ተቀምጣ የተማረችውን ይዛ መጥታ ሠራችው። ደረታቸው ሞላ፤ ኩራት ነበር፣ ንጹሕ ኩራት፣ ከሥሩ ትንሽ ኀፍረት ያለበት።

«ማሻአላህ» አሉ። «እኔ ቅጠሉን ነበር የማስቆርጥሽ።»

«ያውቁት ነበር እንዴ?» ለይላ ዞራ አየቻቸው። «ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እስክትጠይቂኝ ነበራ። እልከኛ ሽማግሌ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ሳልጠይቅዎ ሠርቼ ላሳይዎ ፈልጌ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አድርጋ።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለይላ መሰላል ላይ ወጥታ ሰዓቷን ስትሰቅል ለስምንት ሃያ ጉዳይ ነበር። ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ወደ ምግቡ ዞረ፤ ጋሽ ተማም ብቻ ሳህናቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ቅጠሉ በዘጠኝ ቁጥር ቦታ ያለችው አበባ ላይ ደረሰ። ወፏ ገፋችው። አለፈ። ያኔ ጎረሱ።

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ሙኽታር ዘንድ በቪዲዮ ደወሉና ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

«ሱብሐነላህ!» አለ ሙኽታር ከደሴ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «እጅህ ዳነልህ ማለት ነው? ወላሂ፣ ያንተን ሥራ የትም ባየው አውቀዋለሁ!»

ለይላ ገና መሰላሉን እያጠፈች ነበር። ሰማች፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ ማጠፏን ቀጠለች።

«የኔ ሥራ አይደለም» አሉ ጋሽ ተማም። «የለይላ ነው። እኔ ጸሐፊዋ ነበርኩ።»

«ቢሮ እየዋለች ይሄን መቼ ተማረችው?»

ጋሽ ተማም ድምፃቸውን ዝቅ ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። ከፍ አደረጉት።

«ቢሮ አይደለም የምትውለው። ዋሽቼህ ነው፣ ሙኽታር፤ አውፍ በለኝ። ልጄ ፎርክሊፍት ነጂ ናት!»

መሰላሉ መታጠፉን አቆመ።

«ፎርክ… ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

ጋሽ ተማም ወንበር ስበው፣ ልጃቸው እንድትሰማ አድርገው ተቀመጡ። «ስማኝ፣ ልንገርህ» አሉና ከኋላው ካለው ብረት ጀመሩ።