ሁለት ቁጥር የበለጠ ዩኒፎርም

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ጠርዝ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና የተማሪ ቀሚሱን ለልጇ አቀበለቻት። "በይ እስቲ ልበሽው። ነገ ትምህርት ቤት በዚህ ነው የምትገቢው። በክፉ የሚያይሽ ዓይኑ ይፍሰስ!"

ልጅቷ ቀሚሱን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ይቺ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ነበረች። ሒሳብ ያስጠናት የነበረው መምህር ደፈራት። ሰውየው ተፈርዶበት ታሰረ፤ ግን እሷም ከትምህርት ቀርታ ቤት ዋለች። መጽሐፍ ገልጣ መልሳ ትዘጋለች፤ ከኋላዋ ሰው ከቆመ ያነበበችው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋባታል። ሰው ሲነካት ትደነግጣለች፣ እናቷ እንኳን ብትሆን። እንዲህ እንዳለች ዓመቱ አለፈ። ከሥነ ልቦና አማካሪዋ ጋር ስትነጋገር ከርማ፣ ባለፈው ሳምንት ራሷ "ልመለስ ነው" ስትል፣ እናት ደስታው አስለቀሳት።

ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ጎረቤት ከበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ እናትየው ያለችውን ሰምታለች። "ውይ፣ ልትመለስ ነው? ምን አደከማት? እዚሁ ካንቺ ጋር መርፌ ብትይዝ አይሻልም? ሰው ያወራል እኮ!"

"ያውራ! ሥራ የፈታ አፍ ምን ሊሠራ ኖሯል? ሱሪሽ ነገ ይደርሳል። ደህና ዋይ።"

ጎረቤቲቱ እያጉረመረመች ሄደች። መጋረጃው ተገለጠ። የቀሚሱ ትከሻ ክንዷ ላይ ወርዷል፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷን ሸፍኗል።

"እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ!"

"ሁለት ሰው ያስገባል እኮ። አንቺ በዓይንሽ ብትለኪም አትሳሳቺም።"

እናት ዓይኗን ሰበረች። "አልተሳሳትኩም፤ አውቄ ነው። ሰፋ ካለ... ማንም ልብ አይልሽም ብዬ።"

ልጅቷ የወረደውን ትከሻ ወደ ላይ ሳበችው። ቀጥሎ ድምፅዋ ተቆራረጠ። "ያኔም ዩኒፎርሜን ነበር የለበስኩት። ጥፋቱ የልብሴ ነበር?"

እናት ክው አለች። አንድም ቀን እንዲያ ብላ አታውቅም፤ መቀሷ ግን ብሎላት ኖሯል። አፈረች፣ በራሷም ተናደደች። "አፈር ልብላልሽ የኔ ልጅ! ጥፋቱ የሱ ነው። የሱ ብቻ!"

"እንግዲያው በልኬ ስፊልኝ። ተደብቄ የምማር ከሆነ ይቅርብኝ።"

ልጅቷ ልብሷን ለውጣ ቀሚሱን መለሰችላት። እናት ምላጭ አነሳችና ስንት ሰዓት የለፋችበትን ስፌት ከብብቱ እስከ ጫፉ ተረተረችው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ሳበችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

"በዓይኔ ልገምተው... ወይስ ልለካሽ?"

ልጅቷ ሜትሩን አየች፤ የእናቷን እጅ አየች። ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች።

"ከፊት ለፊቴ ሆነሽ ለኪኝ። ቶሎ በይ ደግሞ፣ ነገ ማርፈድ አልፈልግም።"