ከኋላው የሚያጥረው ቁጥር

ማስታወቂያ ጻፊዋ ግራኝ ናት። ክንዷ እርጥቡን ቀለም እንዳያበላሽባት ሁልጊዜ ከመጨረሻው ነው የምትጀምረው። የአባቷ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ያንን ጉደኛ ቁጥር ስትጽፍላቸውም መጀመሪያ ብቅ ያሉት ሁለቱ ሦስቶች ናቸው።

«ኧረ በሞቴ!» አሉ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩት። «ሠላሳ ሦስትማ ለሦስት ይካፈላል! ሰው ከፊት አይጀምርም እንዴ?»

«አባዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ ሲያልቅ ታየዋለህ።»

ሲያልቅ 73939133 ሆነ። አባቷ ከዚህ ቁጥር አብልጠው የሚወዱት ቢኖር እሷን ብቻ ነው። ከራሱና ከአንድ በቀር ያለቀሪ የሚያካፍለው የለም። የመጨረሻውን አሃዝ ቢያነሱለት የቀረውም አይካፈልም። ደግሞ ቢያነሱለት አሁንም እምቢ፤ እንዲህ እያለ እስከ ሰባቷ ድረስ! በዚህ ጠባይ የሚበልጠው ቁጥርም የለም።

የተጻፈላቸው እየረሱ ስለነበር ነው። ሐኪሙ የሚወዱት ነገር ከዓይናቸው አይራቅ ብሎ ነበር። እሷን ግን እንቅልፍ የነሳት አንድ ፍርሃት ነው፤ አንድ ቀን «የማን ልጅ ነሽ?» እንዳይሏት።

ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ጨፍነው ቁጥሩን በቃላቸው ይወጡታል። አንድ ጠዋት የመጨረሻዋ ሦስት ጠፋቻቸው።

«በቃ አጥፊያት» አሉ።

«ምን በወጣኝ!»

«አጥፊያት ስልሽ! ያለሷም እኮ ሙሉ ነው።»

እየተነጫነጨች በግድግዳው ነጭ ቀለም ደፈነቻት።

ከዚያ በኋላ ወራቱ እንደ ሕልም አለፉ። የጎረቤቶች ስም ሄደ፣ የመንገዱ ስም ሄደ፣ አሃዞቹም አንድ በአንድ ከኋላ እየተነሱ ሄዱ። ነጩ እየሰፋ መጣ። ከሰዓት በኋላ ብርሃን በመጋረጃው ሲገባ ግድግዳው ጭጋግ ይመስላል፤ አባት አልጋቸው ላይ ሆነው የሄደውን እንደሚሸኝ ሰው ፈገግ ብለው ያዩታል። አንዳንዴ እሷም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሥራዋን ትረሳለች።

ሰባቷ ብቻ በቀረች ሰሞን ቁርስ ይዛ ገባች።

«እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ትሪውን አስቀምጣ ብሩሹን አነሳች። «በቃ፣ ይቺም ትሂድ! ምን ቀረን!»

አባት እጇን ለቀም አደረጉት። «ሳትፈትኚ? ለሁለት ትካፈላለች?»

«አትካፈልም።» እንባዋ ይወርዳል።

«ለሦስት?»

«አትካፈልም።»

«ታዲያ ምኗ ጎደለ?»

ብሩሽ የያዘውን እጇን ትክ ብለው አዩት። «ግራኝ ነሽ» አሉ።

«አዎ።»

«የኔም ልጅ ግራኝ ናት። ከኋላ ነው የምትጀምረው፤ ስንቴ ነገርኳት፣ ወይ ፍንክች!» ሳቁ። እጇን ግን አልለቀቁም። «ስትመጣ ንገሪልኝ። ሰባቷ አለች በያት።»

ብሩሹን አስቀመጠች።

«እነግራታለሁ፣ አባዬ» አለች።