ያልተነፋው ጡሩምባ

ያን ማለዳ ሄድቪግ የነቃችው የወንድሟ ጡሩምባ ስላልተነፋ ነው።

ወንድሟ ፎልክማር የአሲድ ጫኝ መርከብ ካፒቴን ነው። በየሁለት ሳምንቱ የራይንን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል ሲወርድ በኦበርሌይ መንደር፣ በተወለዱበት ቤት መስኮት ሥር ያልፋል። ሲያልፍም አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ጡሩምባውን ይነፋል፤ የወንዙ ሰው ልማድ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ነጭ አንሶላ አውጥቶ በመስኮቱ ይሰቅልለታል፤ «ደህና ነን፣ በሰላም ሂድ» ለማለት። ጡሩምባው የቤተሰብ ነው። የሰው አንሶላ ተሰቅሎ ያየ ሌላ መርከበኛ ዝም ብሎ ያልፋል። በሰው አንሶላ ሥር መንፋት ሳይጠሩ የሰው ማዕድ ላይ እንደመቀመጥ ያለ ነውር ነው።

እናታቸው በሕይወት ሳለች አንሶላው ቀርቶ አያውቅም። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ሄድቪግ ጡሩምባውን ስትሰማ ተነስታ መስኮቱን ትዘጋለች። ሙቀት ቢሆንም ትዘጋለች፣ ተዘግቶ ካደረም ከፍታ ትዘጋዋለች። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ፎልክማርም ያውቃል፤ መንፋቱን ግን አልተወም።

ጠባቸው የተጀመረው በእናታቸው ቀብር ዕለት ነው። ሄድቪግ የወንዙ ጠባቂ ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ጉልበቷን ሁሉ ፋብሪካዎችን በመክሰስ የጨረሰች፣ ባል ያላገባች፣ ቁጣዋ ከአፏ የማይርቅ ሴት። ፎልክማር ያን ሰሞን ከእህል ጫኝ መርከብ ወጥቶ ለአሲድ ኩባንያ ተቀጥሮ ነበር።

«መርዝ ልትሸከም?» አለችው፣ ገና ከመቃብሩ ሳይርቁ።

«የመኪናሽ ባትሪ ውስጥ ያለው ምን መሰለሽ፣ ጠበል?»

«ከእንግዲህ ከእጅህ ውሃ አልጠጣም!»

«እንግዲያው ከወንዝሽ ጠጪ፣ የወንዙ ዳኛ!»

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በጡሩምባና በመስኮት ብቻ ነው።

ታዲያ ያን ማለዳ ጆሮዋ የለመደውን ጠብቆ ሲያጣ ነቃች። ኮት ደርባ መስኮቱን ከፈተች። ከመንደሩ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ከቋጥኙ ሥር በሚታጠፍበት ቦታ፣ የፎልክማር መርከብ «ዶሮቴአ» በጎኗ ተኝታለች። ቀዩ ሆዷ ወደ ሰማይ ዞሯል። የነፍስ አድን ጀልባዎች ዙሪያዋን ይርመሰመሳሉ። መሪውን ይዞ የነበረው ቦዶ የሚባል መርከበኛ ከውሃው ተጎትቶ ወጣ። ፎልክማር አልወጣም።

እንዴት ሆነ? ኩባንያው «ያልተጠበቀ የተፈጥሮ ሁኔታ» ሲል መግለጫ አወጣ። ነውረኛ መግለጫ ነው! በዚያ ዓመት ድርቁ ወንዙን አጉድሎት መርከቦች ሙሉ ጭነት መያዝ አልቻሉም። እንዲህ ሲሆን ሕሊና ያለው ጫኝ ጥቂት ታንኮችን ጢም አድርጎ ይሞላል፣ የቀሩትን ባዶ ይተዋል። ኩባንያው ግን መልሶ በመደልደል ጊዜ እንዳይባክን ብሎ ሁሉም ታንኮች በእኩሌታ እንዲሞሉ አዘዘ። በእኩሌታ የተሞላ ፈሳሽ ይራመዳል። መርከቧ ስትታጠፍ አሲዱ ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ እሷም ተከተለችው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ሾርባ በሳህን ይዞ በበር የታጠፈ ሁሉ ያውቀዋል። ተፈጥሮ ጠበቃ ስለሌላት ግን ጥፋት ሁሉ በእሷ ይላከካል።

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ አባላት ተሰብስበው ከመርከቧ አንድ ጠብታ አሲድ እንኳ ወደ ወንዙ እንዳይለቀቅ ፍርድ ቤቱን እግድ ጠየቁ። የፈረመችው ሄድቪግ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ስትፈርም ኖራለች፤ እጇ ሳያስብ ፈረመ። ፍርድ ቤቱም አገደ።

በነጋታው የመርከብ ማንሳቱን ሥራ የሚመራው ሆላንዳዊ መሐንዲስ ቲያርት በሯን አንኳኳ። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ አጎንብሶ ገባ።

«ወይዘሮ ሄድቪግ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ለልመናው ኩባንያው ነው የላከህ?»

«ኩባንያው ቢልከኝ አበባ ይዤ እመጣ ነበር።» ባርኔጣውን አወለቀ። «ውሃ ታንኮቹ ውስጥ ገብቷል። አሲዱ ውሃ ሲያገኝ ብረቱን እየበላ ጋዝ ይሠራል፤ አንድ ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። ጠላቂዎቼን አላስገባም። ወደ ሌላ መርከብ እንዳልቀዳውም ፓምፑ ራሱ ብልጭታ ነው። በቀጭን ቧንቧ፣ በዝግታ፣ ወደ ወንዙ ከለቀቅሁት ግን መርከቧ ትቀላለች፤ ከዚያ አነሳታለሁ።»

«ወንዙ እንደዚህ ጎድሎ?»

«ጎድሎም ቢሆን በዝግታ ከሆነ ይችለዋል። ከመርከቧ አጠገብ ያሉት ዓሦች ይሞታሉ፤ አልዋሽዎትም። ግን ወደ ላይ፣ በስዊስ በኩል፣ ዝናብ ጀምሯል። ሙላቱ ሲመጣ መርከቧን ከቋጥኙ ጋር አጋጭቶ ይሰብራታል። ያኔ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈሳል፣ ወንድምዎም...»

«ወንድሜም ምን?»

«ወደ ባሕር ይሄዳል። አናገኘውም።»

ሄድቪግ በሩን ከፍታ ያዘችለት። መሐንዲሱ አጎንብሶ ወጣ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቦዶ መጣ። ክንዱ በጄሶ ታስሯል። ግባ ብትለው አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጫማውን እያየ ተናገረ።

«እኔ የመጣሁት... ካንቺ ሌላ የምነግረው ዘመድ ስለሌለው ነው።»

«ተናገር።»

«ሌሊቱን መሪውን ይዞ ያደረው እሱ ነበር። ሲያስረክበኝ 'ልተኛ፣ ከኦበርሌይ በፊት ቀስቅሰኝ' አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል። ሁልጊዜም ቀስቅሼው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይነፋል፣ ይመለሳል።»

«እና?»

«በጣም ደክሞት ነበር፣ አሳዘነኝ። ደግሞ አትቆጪኝ... አንቺ መስኮት እንደምትዘጊ ወንዙ ላይ የማያውቅ የለም። እኛ እንኳ እንቀልድበት ነበር። 'ፎልክማር፣ ዛሬ ደግሞ ምን አድርጋ ትዘጋው ይሆን?' ስንለው ይስቃል። 'አሁንም ትሰማለች ማለት ነው፤ ካልሰማችኝ ምን ብላ ትዘጋለች?' ይል ነበር። እና ለሚዘጋ መስኮት ብዬ ከእንቅልፉ ለምን ልቀስቅሰው አልኩ። ቀስቅሼው ቢሆን ከእኔ ጋር ላይ ነበር።»

ሄድቪግ መቆጣት ፈለገች። ቁጣዋ ሳትጠራው የሚመጣ የቤት እንስሳዋ ነበር፤ ያን ዕለት ጠርታው እንኳ አልመጣም።

«ሂድ፣ እረፍ» አለችው። ከሄደ በኋላ መተላለፊያው ውስጥ ኮቷን እንደያዘች ቆማ ቆየች። የምትሄድበት ግን አልነበራትም።

ማኅበሩ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሄድቪግ እግዱን ለማንሳት እንደምትፈልግ ስትናገር ኦትማር ብድግ አለ። ኦትማር ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው፤ ማኅበሩን አብረው መሥርተዋል፣ አብረውም በፋብሪካ በር ላይ ተኝተው በፖሊስ ተጎትተዋል።

«ምን አልሽ?»

«እግዱ ይነሳ አልኩ። መሐንዲሱ ልክ ነው፤ ከተሰበረች ሁሉም ይፈሳል።»

«መሐንዲስ! ስንቱን መሐንዲስ ከዚህ አዳራሽ በጩኸት ያስወጣሽ ሴት ነሽ። ባለፈው ዓመት አንዱን 'የመርዝ ደብተራ' ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚያ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ወንድም ቢሆን እግዱን ታነሺ ነበር?»

የሚዋሽበት ጥሩ ቦታ ነበር። መርከቧ ልትሰበር መቃረቧ እውነት ነው፤ እሱን ብቻ ተናግራ መቀመጥ ትችል ነበር።

«አላነሳም ነበር» አለች። «መሐንዲሱን አልሰማውም ነበር። ለሌላ ሰው ወንድም ብዬ አልሰማውም ነበር።»

«በቃ፣ ራስሽ ተናገርሽው» አለ ኦትማር። ድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ተቀምጦ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። «ፈርሚ። መብቱ የሊቀመንበሯ ነው። ነገ ግን ሊቀመንበር አይደለሽም።»

እግዱ እንዲነሳ ለፍርድ ቤቱ የሚሄደውን ማመልከቻ ፈረመች። ወንበራቸውን እያጠፉ አንድ በአንድ ወጡ። በቀደሙት ስብሰባዎች ሁሉ ወንበሯን የሚያጥፍላት ኦትማር ነበር፤ ያን ዕለት የራሷን ራሷ አጠፈች።

በበሩ ላይ የኩባንያው ጠበቃ ጃንጥላ ዘርግቶ ጠበቃት። «ላሳዩት አስተዋይነት ኩባንያችን...»

«ዝም በል! አንተ ስላልክ አልፈረምኩም። ታንኩን በእኩሌታ ያስሞላው እጅ ወንድሜን ገደለ፤ ያንን እጅ እስኪቆረጥ ድረስ አልተወውም። ጃንጥላህን ከራሴ ላይ አንሳ።»

ቁጣዋ ተመልሶ መጥቷል፤ ግን እንደ ጥንቱ አላሞቃትም። በማግስቱ ኩባንያው በሬዲዮ «የወንዙ ጠባቂዎች ሳይቀሩ ተስማምተውበታል» ሲል አስነገረ። «ያልተጠበቀ የተፈጥሮ ሁኔታ» ካሉ ሰዎች ሌላ ምን ይጠበቃል?

ቲያርት አሲዱን በዝግታ ለቀቀ። ሄድቪግ በየቀኑ ከዳር ቆማ አየችው። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ወንዙ ያው ወንዝ ነው። ነገር ግን ከቧንቧው በታች ሆዳቸው የነጣ ዓሦች ወደ ዳር ተጠጉ። ጎንበስ ብላ በባዶ እጇ ለቀመቻቸው። ከመንደሩ አንድም ሰው ሊያግዛት አልወረደም።

ሙላቱ ከመድረሱ በፊት መርከቧ ቀና አለች። ፎልክማርን ከመኝታ ክፍሉ በር ሥር አገኙት። ሱሪውን ለብሷል፣ አንድ እግሩ ጫማ አጥልቋል። ራሱ ነቅቶ ሊነፋ እየተነሳ ነበር፣ ወይስ መርከቧ ስትንጋደድ ደንግጦ? ቲያርትን ጠየቀችው፤ «አላውቅም፣ ወይዘሮ ሄድቪግ» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ሊዋሽላት ይችል ነበር።

ከእናታቸው አጠገብ ቀበሩት። ቦዶ መጣ፣ ኦትማርም መጥቶ ከመቃብር ቦታው በር አካባቢ ቆመ፤ ሳያናግራት ሄደ።

በቀጣዩ ማለዳ ወንዙ ለመርከብ ተከፈተ። ሳምንታት ተገትረው የከረሙት ሁሉ ተከታትለው መውረድ ጀመሩ፤ የድንጋይ ከሰል፣ እህል፣ ጠጠር። ሄድቪግ የእናቷን ሳጥን ከፈተች። ከታጠፈ ዘመን የሆነውን ነጭ አንሶላ አውጥታ በመስኮቱ ሰቀለችው፤ ነፋስ እንዳይወስደውም በመስኮቱ ደፍ ላይ ጫፉን ድስት ጫነችበት።

የመጀመሪያው መርከብ መጣ። መሪው አንገቱን ቀና አድርጎ አንሶላውን አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣ አለፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው የፎልክማር የቀድሞ ጓደኛ ነበር፤ እሱም እጁን ከጡሩምባው አርቆ አለፈ። የሰው አንሶላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

እስኪመሽ ድረስ በመስኮቱ ቆመች። መርከቦቹ አንድ ባንድ፣ ዝም ብለው፣ ከሥሯ አለፉ። ብርዱ ቤቱን ሞላው። መስኮቱን ግን አልዘጋችም።