ድቡ ዝም ያለ ዕለት

ኤሌክትሪሻኑ ቂጡ አያርፍም። መቀመጫው ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል፣ አንድ ቦታ መርጋት አልሆነለትም። የሦስት ዓመት ልጁ ሚጢጢ አፏን አልፈታ ስትለው የሕፃናት መዋያዋ ድረስ ሄዶ መምህርቷን ጠየቀ።

"የሚጢጢ አባት፣ ምንጣፍ ላይ አብረዋት ቁጭ ይበሉና ይጫወቱ" አለችው። "ቃሉ በጨዋታ መሃል ይመጣል።"

ቁጭ ማለት! እሱ ሆዬ፣ ሆዱን ሲጫኑት የሚያወራ አሻንጉሊት ድብ ገዝቶላት ተገላገለ። ድቡ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል፤ ሚጢጢ ዓይኗን አፍጥጣ ታዳምጣለች።

አንድ እሁድ ድቡ እየተንተባተበ ጸጥ አለ። ሚጢጢ የአባቷን እጅ ይዛ ወደ ምንጣፉ ጎተተችው። ጉልበቱ ምንጣፉን ከመንካቱ "ቆዪ፣ መጣሁ!" ብሎ ብድግ አለ። ባትሪ ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ገለባበጠ። መሃል ላይ ስልክ ተደወለለትና ቆሞ ተጨቃጨቀ። ደግሞ የኮሪደሩ አምፖል ሲርገበገብ አየና እሱንም ፈታ።

በመጨረሻ ባትሪና ካቻቪቴ ይዞ ሲመለስ ከክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሰማ።

"ጉድ! ያለ ባትሪ ነፍስ ዘራ እንዴ?" እያለ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀ።

የምታወራው ሚጢጢ ነበረች። ድቡን ብድግ አድርጋ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ "ቆዪ፣ መጣሁ!" አስባለችውና እያንደረደረች እስከ በሩ ወሰደችው። ኤሌክትሪሻኑ ባትሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

ሚጢጢ በገዛ ቀጭን ድምፅዋ ለድቡ መለሰችለት፦

"አትመጣም።"